የጠርሙስ ውታፍ በባለጥርስ ዘንግ ስለ መሥራት

የተከፈተ ጠርሙስ ለባለቤት ሁልጊዜ ትንሽ ጭንቅ ነው። ለእንግዳ የተከፈተ ወይን እኩሌታው ቢተርፍ፥ ወይም ለበዓል በጠርሙስ የተቀዳ ጠጅ ሳያልቅ ቢቀር፥ የቀድሞው ቡሽ ወደ አንገቱ አልመለስም ይላል። በወረቀት ወይም በጨርቅ ቢወትፉት ነፋስ ያስገባል፥ ዝንብንም በደኅና አይከለክልም፤ ጥቂት ቀን ሲሰነብት መጠጡ ወደ ሆምጣጤነት ያዘነብላል። በኤውሮጳና በአሜሪካ እንጨት በቶርኖ የሚሠሩ ሰዎች ለዚህ ችግር የሚሆን፥ ላይኛው ክፍል የእንጨት ጉልላት የሆነለት ውታፍ ይሠራሉ። ሥራው ትንሽ እንጨትና ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚፈልግ ስለ ሆነ፥ ቶርኖ ያለው አናጢ ወይም ሙያውን ገና የሚማር ወጣት በአገራችንም ሊሠራው ይችላል። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን የሥራውን አካሄድ፥ ይልቁንም እንጨቱን በቶርኖው ላይ የሚይዘውን ባለጥርስ ዘንግ ነገር ለመጻፍ አስበናል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

አስቀድሞ የውታፉ አካል እንዴት እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። ውታፉ ሁለት ክፍል አለው። የታችኛው ወደ ጠርሙሱ አንገት የሚገባው ነው፤ ከብረት የተሠራ ሆኖ በወገቡ ላይ ሁለት ወይም ሦስት የላስቲክ ቀለበት ይታጠቃል፥ ከራሱም ላይ እንደ ቡሎን ያለ ጥርስ የወጣለት አጭር ዘንግ ይቆማል። የላይኛው ክፍል በእጅ የሚያዘው እንጨት ነው። በእንጨቱ ሥር ጥርስ ያለው ቀዳዳ ይበሳና ከብረቱ ዘንግ ላይ ተጠምዝዞ ይገባል። ነገሩ ይኸው ነው። የብረቱን ክፍል ነጋዴዎች ተሠርቶ ያለቀ አድርገው ይሸጡታል፤ የባለሙያው ድርሻ እንጨቱ ነው።

የቀድሞው ቡሽ ለምን አልመለስም እንደሚል ሰው ይጠይቅ ይሆናል። ቡሽ በሜዲቴራኒያን ባሕር ዙሪያ የሚበቅል፥ ከባሉጥ ወገን የሆነ ዛፍ ቅርፊት ነው። በዓለም ከሚገኘው ቡሽ ግማሽ የሚያህለው ከፖርቱጋል አገር ይወጣል። ዛፉ ተተክሎ ኻያ አምስት ዓመት ያህል ሳይሞላው ቅርፊቱ አይገፈፍም፤ ከዚያም በኋላ የሚገፈፈው በየዘጠኝ ዓመቱ ነው። የወይን ጠርሙስ አንገት በአፉ ዘንድ በውስጥ ስፋቱ 18 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፥ ቡሹ ግን ሳይገባ በፊት 24 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። በመኪና ተጨምቆ ገብቶ በዚያ ውስጥ ለመስፋት እየታገለ ስለሚኖር አንገቱን አጥብቆ ይዘጋል። ከወጣ በኋላ ግን መልሶ ይሰፋል፥ ያን ጊዜ በእጅ ጉልበት ማን ያስገባዋል? ዊልያም ፔይንተር የተባለው አሜሪካዊ በ1892 ፓተንት ያወጣበት የቆርቆሮ ቆብም ቢሆን አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ጥቅሙ አልቋል። ወይንን ሆምጣጤ የሚያደርጉት ከዓይን የተሰወሩ ደቂቅ ሕያዋን መሆናቸውንና ለሥራቸውም አየር የሚሹ መሆናቸውን ሉዊ ፓስተር በ1860ዎቹ ዓመታት ገልጾ አስረድቷል። እንግዲህ የተከፈተውን ጠርሙስ በላስቲክ ቀለበት አጥብቆ መዝጋት አዲስ አየር እንዳይገባ ይከለክላል ማለት ነው። በጠርሙሱ ውስጥ የቀረው አየር ግን ሥራውን አይተውምና፥ ውታፉ መጠጡን በጥቂት ቀን ያቆየው እንደ ሆነ እንጂ ለወር ያኖርልኛል ብሎ የሚታመን አይኑር።

አሁን ወደ ቶርኖው እንመለስ። ቶርኖ የምንለው ስም ከኢጣልያኖች ቋንቋ የመጣ ነው፤ ሥራው ግን ከኢጣልያኖችም ከእኛም ዕድሜ እጅግ ይበልጣል። በግብጽ አገር ፔቶሲሪስ የተባለ ካህን መቃብር አለ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ የተሠራ ነው። በግድግዳው ላይ ሁለት ሰዎች ተቀርጸው ይታያሉ፤ አንደኛው እንጨቱን በገመድ ወዲያና ወዲህ ያሽከረክራል፥ ሁለተኛው የስለት መሣሪያ አስጠግቶ ይጠርባል። ገመዱ በእግር መርገጫ፥ መርገጫውም በኤሌክትሪክ ሞተር ተተካ እንጂ፥ እንጨቱ ይዞራል፥ መሮውም ይቆማል የሚለው ሕግ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። የሠዓሊ ብሩሽ ወደ ሥዕሉ ይሄዳል፥ የቶርኖ ሥራ ግን ራሱ ወደ መሣሪያው ይመጣል።

ታዲያ የሚዞረውን እንጨት የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። ረጅም እንጨት ሲሆን፥ የወንበር እግር እንደ ማለት፥ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ወግተው ይይዙታል። የጠርሙስ ጉልላት ግን ቁመቱ ስድስት ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፥ ራሱም ሥሩም አምሮ እንዲጨረስ ይፈለጋል። በብረት መንጋጋ ቢነክሱት የመንጋጋው ጥርስ ይፈነክተዋል። ከሌላ ቁራጭ እንጨት ጋር በኮላ አጣብቀው ቢሠሩት መልካም ነው፤ ነገር ግን በኋላ ቆርጠው ሲለዩት ሥሩን እንደገና ማስተካከል፥ ቀዳዳውንም በመጨረሻ መብሳት ግድ ይሆናል። ተሠርቶ ባለቀ ክብ ነገር ሥር ትክክለኛ ቀዳዳ መብሳት ደግሞ ጭንቅ ነው። በመጨረሻው ሰዓት ፑንታው ወደ ጎን ቢሸሽ የቀኑ ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ባለጥርሱ ዘንግ ይህን ችግር ከሥሩ ያነሣዋል። ዘንጉ ከብረት የተሠራ ሆኖ፥ አንደኛው ጫፉ በቶርኖው ራስ ውስጥ ይገባል፤ ሁለተኛው ጫፉ ጥርስ አለው፤ በሁለቱ መካከልም እንጨቱ ተጠግቶ የሚቀመጥበት ክብ ትከሻ አለው። የብልሃቱም ሁሉ ሥር ይህ ነው፤ በዘንጉ ላይ ያለው ጥርስ በውታፉ ብረት ላይ ካለው ጥርስ ጋር አንድ ነው፥ የዘንጉም ትከሻ በውታፉ ብረት ላይ ካለው መቀመጫ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ እንጨቱ በቶርኖ ላይ ሳለ ነገ በጠርሙሱ ላይ የሚቀመጠውን አቀማመጥ ዛሬውኑ ተቀምጧል። ዘንጉ የውታፉ እንደራሴ ነው ብንል ያስኬዳል። በእንደራሴው ላይ ቀጥ ብሎ የተጠረበ እንጨት በባለቤቱ ላይም ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቀዳዳውም ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ተበሳ፥ ቢበላሽ የሚጠፋው አንድ ያልተሠራ ቁራጭ ብቻ ነው።

ሰዎች ይህን እንደ ቀላል ነገር ያዩታል፤ እኔ ግን ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ በሁለት አገር የሠሯቸው ቡሎንና ዳዶ ተገናኝተው እንዲገጥሙ ማድረግ ከታላላቆቹ የሰው ልጅ ስምምነቶች እንደ አንዱ ይመስለኛል። ቀድሞ እያንዳንዱ አንጥረኛ ጥርሱን እንደ ፈቀደ ያወጣ ነበርና የአንዱ ዳዶ ለሌላው ቡሎን አይሆንም ነበር። በለንደን ሄንሪ ሞዝሊ በ1800 ገደማ ጥርስን በትክክል የሚያወጣ ቶርኖ ሠራ። በእርሱ ዘንድ የሠራው ጆሴፍ ዊትወርዝ በ1841 ለእንግሊዝ አገር አንድ የጥርስ ልክ አወጣ፤ የጥርሱም ማዕዘን 55 ዲግሪ ነበረ። በአሜሪካ ዊልያም ሴለርስ በ1864 ማዕዘኑ 60 ዲግሪ የሆነ ሌላ ልክ አቀረበ። በሜትር የሚለኩት አገሮችም በ1898 በዙሪክ ከተማ ተሰብስበው በሚሊሜትር የተመሠረተ ልክ ተስማሙ። እንግዲህ ስምምነቱ ራሱ ሦስት ሆኖ ቀረ ማለት ነው፤ ለዚህም የሚከፈል ዋጋ አለ።

ዋጋውም ይህ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣው የውታፍ ብረት አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱ የኢንች ሦስት ስምንተኛ ውፍረት ያለው፥ በአንድ ኢንች ውስጥም 16 ጥርስ ያለበት ነው። ይህ በሚሊሜትር 9.5 ያህል ነው። በእኛ ገበያ በቀላሉ የሚገኘው ቡሎን ግን ባለ 10 ሚሊሜትሩ ነው። ሁለቱ ለዓይን መንትያ ይመስላሉ፤ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት ግን በአሜሪካው ከ1.58 ሚሊሜትር ይበልጣል፥ በሌላው ልክ 1.5 ሚሊሜትር ነው። አንዱን ለሌላው በተበሳ ቀዳዳ ውስጥ ቢያስገቡት አንድ ሁለት ዙር በደኅና ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ልዩነቱ በየጥርሱ እየተደመረ ይመጣና 25 ሚሊሜትር ሲገባ ከ1 ሚሊሜትር ይበልጣል። በብረት ቢሆን ተጣብቆ ይቆማል፤ በእንጨት ግን ጥርሱን እየገረሰሰ ይሄዳል፥ ሠሪውም እንጨቱ ጠነከረብኝ ብሎ ይበልጥ ይጠመዝዘዋል። ስለዚህ ዘንጉን፥ ጥርስ ማውጫውንና የውታፉን ብረት ከመግዛት በፊት ሦስቱም በአንድ ልክ መሠራታቸውን ማረጋገጥ ይገባል። ዳዶ ይዞ ወደ ሱቅ መሄድና በብረቱ ላይ እስከ መጨረሻው በጣት ማሽከርከር ከሁሉ የቀለለ ምርመራ ነው።

ዘንጉን ከውጭ አገር ማስመጣት ግድ አይደለም። ወገቡ ጥርስ የሌለው፥ ጫፉ ብቻ ጥርስ ያለው ረዘም ያለ ቡሎን ተገኝቶ ራሱ በብረት መጋዝ ቢቆረጥ፥ ልሙጡ ወገብ በቶርኖው መንጋጋ ይነከሳል፥ ጥርሱም ወደ ውጭ ይቀራል። ዳዶ አስገብቶ በላዩ ወፍራም ሮንዴላ ቢያደርጉበት ለትከሻ ይሆናል። መንጋጋው በጥርሱ ላይ እንዲነክስ ማድረግ ግን አይገባም፤ ጥርሱም ይበላሻል፥ መያዣውም ይላላል። እንዲህ የተሠራው ዘንግ ሲዞር ጫፉ ይወዛወዝ እንደ ሆነ፥ እርሳስ በመሮው መደገፊያ ላይ አስደግፎ ወደ ጫፉ በቀስታ በማስጠጋት ይታወቃል። እርሳሱ ዙሪያውን እኩል ቢነካ ደኅና ነው፤ ባንድ ወገን ብቻ ቢነካ ጠማማ ነውና ሌላ ቡሎን መፈለግ ይሻላል።

ስለ እንጨቱ ምርጫ በአገራችን የምናማርርበት ምክንያት የለም። ወይራ ጠንካራ፥ ጥርሱን አጥብቆ የሚይዝ፥ ሲለሰልስም የሚያበራ ነው፤ ለጋንና ለእንስራ ማጠኛ በየገበያው ከሚሸጠው መካከል ለአንድ ውታፍ የሚበቃ ቁራጭ ብዙ ጊዜ ይገኛል። የቡና ዛፍ ሲያረጅና ሲጎነደል የሚወድቀው ግንድ ቀጭን ቢሆንም ለዚህ ሥራ የሚበቃ ውፍረት አያጣም፥ መልኩም ነጣ ያለና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ዋንዛ ለመጥረብ ለስላሳ ነው፤ ጥርሱ ግን በቶሎ ይሸራረፋልና ከዚህ በታች እንደምናመለክተው ማጠንከር ያሻዋል። ከእነዚህም ሁሉ ይልቅ የሚበልጥብኝ ከአሮጌ የቤት ዕቃ የተረፈው ነው። የአያት አልጋ እግር ሲሰበር፥ የተቃጠለ ቤት መቃን ሲቀየር፥ ቁራጩ ሁልጊዜ ወደ ምድጃ ይሄዳል። በአራቱም ጎን አራት ሴንቲሜትር፥ በቁመት ስድስት ሴንቲሜትር የሆነ ደኅና ቁራጭ ከዚያ ውስጥ ቢወጣ ለልጅ ልጅ የሚቆይ መታሰቢያ ይሆናል። ከአሮጌ ዕቃ የተወሰደ እንጨት ምስማር የተደበቀበት እንዳይሆን ግን በደንብ ይመርመር፤ በሚዞር እንጨት ውስጥ ያለ ምስማር መሮውን ይሰብራል።

እርጥብ እንጨት አይሆንም። ዛሬ የገጠመው ቀዳዳ ነገ እንጨቱ ሲደርቅ ይጠብባል፥ ክቡም ሞላላ ይሆናል። ወይራ በተለይ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና፥ እርጥቡን የቆረጠ ሰው ሁለቱን ጫፎች በቀለጠ ሰም ቀብቶ ፀሐይ በማይመታው፥ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ያኑረው። ባለሙያዎች እንደ ግምት የሚይዙት ለያንዳንዱ 25 ሚሊሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ነው።

አሁን ወደ ቀዳዳው ደረስን፤ አንባቢም በዚህ ላይ እንዲታገሥ እለምናለሁ፥ የሥራው ሁሉ ዕድል የሚወሰነው በዚህ ነውና። ለአሜሪካው ጥርስ 8 ሚሊሜትር፥ ለባለ 10 ሚሊሜትሩ 8 ሚሊሜትር ተኩል የሆነ ፑንታ ይበቃል። ጥልቀቱ ከዘንጉ ጥርስ ርዝመት ጥቂት ይብለጥ፤ የዘንጉ ጥርስ 25 ሚሊሜትር ቢሆን ቀዳዳው 30 ይሁን። ቀዳዳው ካጠረ ዘንጉ መጨረሻውን ነክቶ ይቆማል፥ የእንጨቱ ሥር ወደ ትከሻው ሳይደርስ ይቀራል፤ ሠሪውም ጠበቀ ብሎ ሲያምን እንጨቱ በጥርሱ ብቻ ተንጠልጥሎ ይዞራል።

ብዙ ሰው የሚጨነቀው ቀዳዳው በቁራጩ መካከል በትክክል እንዲሆን ነው። ይህ ጭንቀት ከመጠን ያለፈ ነው። እንጨቱ የሚጠረበው በቀዳዳው ዙሪያ ስለ ሆነ፥ ቀዳዳው ከመካከል ጥቂት ቢያፈነግጥ ቶርኖው ትርፉን ጠርቦ ይጥለዋል። ሊጠነቀቁለት የሚገባው ሌላ ነው፤ ይኸውም የእንጨቱ ሥር ከቀዳዳው ጋር ትክክለኛ ስኳድራ ሆኖ መገኘቱ ነው። ሥሩ ጥቂት ዘመም ቢል ባንድ ወገን ትከሻውን ይነካል፥ በሌላው ወገን ክፍተት ይተዋል፤ ያው ክፍተት በኋላ በውታፉ ብረት ላይ ሲገጠም በግልጥ ይታያል፥ በውስጡም የመጠጥ እድፍ ይከማቻል። የማያሳስተው መንገድ ቁራጩን በቶርኖው መንጋጋ አስነክሶ፥ ፑንታውን ከቶርኖው ጅራት በኩል እየገፉ መብሳት፥ ቁራጩንም ሳያወልቁ በዚያው ሥሩን በመሮ ጠርቦ ማስተካከል ነው። ቀዳዳውና ሥሩ በአንድ አቀማመጥ ስለ ተሠሩ ሊጣሉ አይችሉም። ሥሩን ሲጠርቡ ወደ መካከል ጥቂት ጎድጎድ ቢያደርጉት ደግሞ ዳሩ ብቻ ትከሻውን ይነካልና አገጣጠሙ ይበልጥ ያምራል።

ከዚያ በኋላ ጥርስ ማውጫው ይገባል። በእጅ ቀጥ አድርጎ አንድ ዙር ወደ ፊት፥ ሩብ ዙር ወደ ኋላ እያሉ መሄድ ነው፤ ወደ ኋላ የሚመለሰው ፍቅፋቂውን እንዲሰብር ነው። እንጨቱ ዋንዛ ወይም ሌላ ለስላሳ ቢሆን፥ ቀጭኑን ሱፐር ግሉ ጥቂት ጠብታ በቀዳዳው ውስጥ አፍስሶ፥ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ጥርስ ማውጫውን እንደገና ማስገባት ይገባል። ኮላው ወደ እንጨቱ ሥር ሰርጎ ጥርሱን እንደ ቀንድ ያጠነክረዋል። ሳይደርቅ ያስገባ ሰው ግን ጥርስ ማውጫውን ከእንጨቱ ጋር ለዘላለም ያጋባል።

እንጨቱን በዘንጉ ላይ ሲያስገቡ በእጅ ጠምዝዞ ትከሻውን እስኪነካ ማድረስ ብቻ ይበቃል፤ በመፍቻ ማጥበቅ አያስፈልግም። ምክንያቱም ይህ ነው። ቶርኖው የሚዞረው ወደ ሠሪው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ጥርሱም እንደ ተለመደው ቡሎን ወደ ቀኝ የሚጠብቅ ነው። መሮው እንጨቱን ሲይዘው ዘንጉ ወደ ፊት መዞሩን ይቀጥላልና፥ እያንዳንዱ ጥርበት እንጨቱን ይበልጥ ወደ ትከሻው ያጠብቀዋል። በመጨረሻ አልወልቅም እንዳይል በእንጨቱና በትከሻው መካከል ቀጭን የቆዳ ወይም የፕላስቲክ ቀለበት ማድረግ መልካም ነው። ከዚሁ የሚከተል አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ፤ አንዳንዱ የዛሬ ቶርኖ ወደ ኋላም መዞር ይችላል። እንጨቱ በባለጥርስ ዘንግ ላይ ሳለ ወደ ኋላ የዞረ እንደ ሆነ መሮው ሲነካው ተፈትቶ ይበራል።

ሌላም መብረር አለ። በብዙ ቶርኖ ላይ ዘንጉ ወይም መንጋጋው በራሱ ውስጥ የሚቀመጠው ሞርስ በሚባለው እየቀጠነ በሚሄድ ሾጣጣ ነው። ሾጣጣው የሚይዘው ተጠግቶ በመጣበቅ ብቻ ስለ ሆነ፥ ከጎን በሚደርስበት ንቅናቄ ሊላላና ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ በኋላው በኩል የሚስብ ቡሎን ያስገባ፤ ያ ከሌለው የቶርኖውን ጅራት አምጥቶ የእንጨቱን ራስ ያስደግፍ። የጅራቱ ድጋፍ የሚነሣው በመጨረሻ፥ የጉልላቱን አናት ለመጨረስ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ጥርበቱ እንደ ምላጭ ቀጭን ይሁን።

ሞተሩ ሳይነሣ እንጨቱን በእጅ አንድ ዙር አዙሮ መደገፊያውን አለመንካቱን ማየት ይገባል። አራት ማዕዘኑ ክብ እስኪሆን ድረስ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ1,000 ዙር አይብለጥ፤ ክብ ከሆነ በኋላ እስከ 2,000 ቢደርስ ይቻላል። በዚህ ፍጥነት አራት ሴንቲሜትር ስፋት ያለው እንጨት ዳሩ በሴኮንድ ከ4 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ተሰንጥቆ ቢወጣ የሚያገኘው ፊትን ነው። ስለዚህ ፊትን ሁሉ የሚሸፍን መከለያ ሳያደርጉ መጀመር ከድፍረት አይቆጠርም፥ ከስንፍና ይቆጠራል እንጂ። ነጠላና ሻርፕ ይውለቅ፤ እጅጌ ይጠቅለል፤ የአንገት ማተብ ወይም ሐብል በሸሚዝ ውስጥ ገብቶ ይታሰር፤ ቀለበት ከጣት ይውጣ። የሚዞር ዘንግ ክር ከያዘ የሞተሩን ማጥፊያ ለመፈለግ ጊዜ አይሰጥም።

ቅርጹን በተመለከተ እያንዳንዱ የወደደውን ይሥራ፤ እኔ ግን እንደ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት የረዘመና የቀጠነ ከሆነ ይልቅ በእጅ መዳፍ የሚሞላውን ድቡልቡል እመርጣለሁ። ውታፍ የሚነቀለው በመጎተት ነውና የሚጨበጥ ነገር ሊኖረው ይገባል። የሥሩ ስፋት ከዘንጉ ትከሻ ጋር እኩል እስኪሆን ይጠረባል፤ ትከሻው ለዚህ መለኪያ ሆኖ በዓይን ፊት ስለ ቆመ ሌላ መስፈሪያ አያስፈልግም። መሮው ብረቱን እንዳይነካ ግን የመጨረሻዋን ግማሽ ሚሊሜትር በብርጭቆ ወረቀት መጨረስ ይሻላል።

በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ የሚነሣው ደቃቅ አቧራ እንደ ዱቄት የዋህ የሚመስላቸው አሉ። በእንግሊዝ አገር ሃይ ዊኮም የምትባለው ከተማ በወንበር ሥራ የታወቀች ናት፤ በዚያ የዕቃ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የአፍንጫ ውስጥ ካንሰር ከሌላው ሰው እጅግ በዝቶ መገኘቱን ሐኪሞች በ1960ዎቹ ዓመታት አስታወቁ። የዓለም የካንሰር ምርመራ ድርጅትም በ1995 የእንጨትን አቧራ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች ጋር ቈጥሮ ጻፈው። አንድ ውታፍ መሥራት ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜ እንደ መግፋት አይደለም፤ ነገር ግን አፍንጫንና አፍን መሸፈን፥ መስኮት መክፈትና ልጆችን ከዚያ ክፍል ማራቅ የሚያስወጣው ገንዘብ የለም።

የእንጨቱን መልክ ለማውጣት በአገራችን ከሚገኘው የተልባ ዘይትና የንብ ሰም በቂ ነው። እንጨቱ ከአንገቱ በላይ ስለሚቀር ከመጠጡ ጋር አይገናኝም። እየዞረ ሳለ ሲቀቡት በእጅ የሚያዘው ለስላሳ ወረቀት ይሁን፤ ወረቀት ቢያዝ ይቀደዳል፥ ጨርቅ ቢያዝ ግን ጣትን ይዞ ይሄዳል። ስለ ተልባ ዘይትም አንድ ነገር እያንዳንዱ እመቤት ልታውቀው ይገባል። የተልባ ዘይት የሚደርቀው ከአየር ጋር ተዋሕዶ ነው፥ ሲዋሐድም ሙቀት ይወልዳል። ዘይት የነካው ጨርቅ ወይም ወረቀት ተጨብጦ በጥግ ቢጣል ሙቀቱ መውጫ አጥቶ እየበረታ ይሄድና፥ ክብሪት ሳይነካው ከሰዓታት በኋላ ራሱ ይቀጣጠላል። በዚህ ምክንያት የተቃጠለ ቤት በየአገሩ አለ። ጨርቁ ከቤት ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፥ ወይም በውኃ ተነክሮ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጥ።

ሥራው ካለቀ በኋላ ቶርኖው ይጠፋል፥ እንጨቱ በእጅ ወደ ግራ ተፈትቶ ከዘንጉ ይወጣል፥ በውታፉ ብረት ላይም ይገባል። ብረቱ የማይዝገው ዓይነት ይሁን። በላዩ ክሮም ብቻ የተቀባው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ወይንም ጠጅም ኮምጣጣነት ስላላቸው ቅቡን ቀስ በቀስ እየበሉ ነጠብጣብ ያወጡበታል። በኮላ ማጣበቅ አስፈላጊ አይደለም፤ ሳይጣበቅ ከቀረ እንጨቱ ቢሰነጠቅ ሌላ ይሠራለታል፥ ብረቱም ለብቻው በፈላ ውኃ ይታጠባል። እንጨቱን በውኃ መዘፍዘፍ ግን አይገባም።

አሁን ደግሞ ለጠጅ ቤትና ለጠጅ ጣይ እናቶች። ገና መፍላቱን ያልጨረሰ ጠጅ በጠርሙስ ተቀድቶ በእንዲህ ያለ ጥብቅ ውታፍ ቢዘጋ፥ እየፈላ የሚወልደው ጋዝ መውጫ አያገኝም። ወይ ውታፉ እንደ ጥይት ይወረወራል፥ ወይም ጠርሙሱ ይፈነዳል፤ የጠርሙስ ስባሪ ደግሞ ከልጅና ከአዋቂ አይለይም። ፈጽሞ ያልረጋ ጠጅ ልል በሆነ ክዳን ብቻ ይከደን። የረጋውም ቢሆን በውታፍ ከተዘጋ በኋላ በቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጥ፥ ሲከፈትም የጠርሙሱ አፍ ወደ ሰው አይዙር።

ውታፉ ከተሠራ በኋላ በበጋ ወራት እንጨቱ ይደርቅና ከብረቱ ላይ ጥቂት ይላላል፤ ያን ጊዜ ሩብ ዙር በእጅ ማጥበቅ ነው። ክረምት ሲገባ እርጥበት ጠጥቶ መልሶ ይጠብቃል። የላስቲኩ ቀለበት ሲደርቅና ሲሰነጠቅ በዚያው ልክ ሌላ ገዝቶ መለወጥ ይቻላል፤ ለዚህም አሮጌውን ቀለበት ይዞ መሄድ ከቁጥር ይልቅ ይረዳል።